ጌጡ ደረሰ፣ በዓሉ ቀረ

ነገሬን ከገበያ ልጀምር። ይፋግን ዛሬ ብዙ ሰው የሚያውቃት ሊቦ ከምከም ውስጥ ያለች አነስተኛ ከተማ አድርጎ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ግን ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ ስሟ የገነነ ገበያና ኬላ ነበረች። አሞሌው፣ ጥጡ፣ ከብቱ ይሸጥባታል፤ ሲራራ ነጋዴው ቀረጡን ከፍሎ ያልፍባታል። ከምጽዋ ተነሥቶ በጎንደር በኩል የሚመጣው የባሕር ማዶ ዕቃም ይደርሳታል። የሕንድ ጨርቅም እንዲሁ።

እሺ፣ ጨርቁስ ደረሰ። ባለ ጨርቁስ?

ምጽዋ ላይ ባንያን የሚባሉ የሕንድ ሂንዱ ነጋዴዎች ነበሩ። ስኮትላንዳዊው ጀምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1769 እዚያ ሲደርስ፣ ድሮ የከተማዋ ዋነኛ ነጋዴዎች የነበሩት እነዚህ ሰዎች ስድስት ብቻ ቀርተው ነበር። ወርቅ ይመረምራሉ፤ ከወደቡ ወዲህ በየብስ ለሚኖሩ ሴቶችም የጆሮ ጌጥ ይሠራሉ፤ ኑሯቸው ግን ከእጅ ወደ አፍ መሆኑን ጽፏል። እኔን የሚገርመኝ ያ የጆሮ ጌጥ ነው። ሴቲቱ ጌጡን በጆሮዋ አንጠልጥላ ስትኖር፣ አንጥረኛው መቼ እንደሚጾም፣ መቼ እንደሚፈስክ የሚነግራት አልነበረም።

ቢነግሯት ኖሮ ታሪኩ እንግዳ አይሆንባትም ነበር። ሂንዱዎች ጃንማሽታሚ ብለው የክሪሽናን ልደት ያከብራሉ። ካንሳ የሚባል ጨካኝ ንጉሥ፣ የእህቱ ስምንተኛ ልጅ ይገድልሃል የሚል ትንቢት ሰምቶ እህቱን ከነባሏ ያስራታል፤ የሚወለዱትንም ሕፃናት ያስገድላል። ክሪሽና በእኩለ ሌሊት እስር ቤት ውስጥ ተወለደ። አባቱ ያሙና ወንዝን በሌሊት አሻግሮ ለከብት አርቢዎች ሰጠው፤ ልጁም ዋሽንት እየነፋ፣ ቅቤ እየሰረቀ አደገ። ስለዚህ ምእመናኑ እስከ እኩለ ሌሊት ይጾማሉ፤ የሕፃኑን ምስል በእንቅልፍ አልጋ አድርገው እሹሩሩ ይላሉ። በነጋታው አንዳንድ አገር ጎረምሶች ትከሻ ለትከሻ ተደራርበው ከፍ ብሎ የተሰቀለ የእርጎ ማሰሮ ይሰብራሉ። ሄሮድስንና የቤተልሔምን እረኞች የሚያውቅ የይፋግ ሰው ይህን ሰምቶ «ይሄማ የት አገር ነው?» ማለቱ ይቀራል?

ታዲያ ለምን አልሰማም? እንደሚመስለኝ አንዱ ጥፋተኛ ክረምቱ ነው። በዓሉ በጨረቃ ስለሚቆጠር ቀኑ ይለዋወጣል፤ ሆኖም አብዛኛውን ጊዜ የሚውለው በነሐሴ፣ በእኛ ቡሄ ዙሪያ ነው። በዚያ ወራት በመርከብ ዘመን የሕንድ ምዕራብ ዳርቻ ባሕር በማዕበል ይዘጋል። እኛም ዘንድ ተከዜ ሞልቶ ነጋዴው መንገዱ እስኪደርቅ ይጠብቃል። ባንያኑ ወደ አገሩ አይሄድ፣ ሲራራው ወደ ምጽዋ አይወርድ! ደብረ ታቦር ላይ ልጆች ጅራፍ ሲያጮሁ፣ ምጽዋ ላይ ስድስት ሰዎች ብቻቸውን ጾመው አድረው ይሆናል።

በ20ኛው ክፍለ ዘመን ሕንዳዊው ራሱ ደጋ ወጣ። ከጣሊያን ወረራ በኋላ በሺህ የሚቆጠሩ የሕንድ መምህራን በየክፍለ ሀገሩ አስተምረዋል። ብዙዎቹ የኬረላ ክርስቲያኖች ነበሩ፤ ሂንዱዎችም አልጠፉም። ሒሳቡን፣ ፊዚክሱን፣ እንግሊዝኛውን አስተማሩን፤ እኛም አነጋገራቸውን እያስመሰልን ሳቅን። ነሐሴ ሲመጣ ግን ትምህርት ቤት ዝግ ነው! የሂንዱው መምህር ትልቁ በዓል ዳግመኛ በክረምት ተሸፈነ።

ዛሬ ተከዜ ድልድይ አለው፤ ከአዲስ አበባ ሙምባይም በአውሮፕላን የሰዓታት መንገድ ነው። ሕንዳውያን በፋብሪካው፣ በዩኒቨርሲቲው፣ በንግዱ አብረውን አሉ። ከእንግዲህ በክረምት ማመካኘት አይቻልም። የሰውን ዕቃ ዋጋ ጠንቅቀን እያወቅን በዓሉን ካላወቅን፣ ጎረቤታችን የምንለው ሰው ለእኛ ገና ሱቅ ነው ማለት ነው። በነሐሴ ሙልሙል ስንቆርስ፣ አጠገባችን ያለውን ሰው «ለመሆኑ እናንተስ ዘንድ በዚህ ወር ምን ይከበራል?» ብሎ መጠየቅ ገንዘብ አያስወጣም፤ ቀረጥም የለበትም።