ውሃን በልኩ የማቆም ረጅም ታሪክ

የሽንት ቤት ውሃ ማጠራቀሚያ ሞልቶም ውሃው አልቆም ሲል፣ ጥፋቱ ብዙ ጊዜ የአንዲት ትንሽ ላስቲክ ነው። ውሃው ሲሞላ ተንሳፋፊው ይነሳል፤ ክንዱም ላስቲኳን በመግቢያው ቀዳዳ ላይ ይጫናታል። ላስቲኳ ካረጀች፣ ከሥሯ ቅንጣት አሸዋ ከገባ ወይም ተንሳፋፊው ተሰንጥቆ ውሃ ካዘለ ቀዳዳው በደንብ አይዘጋም።

የተንሳፋፊው ብልሃት ከሽንት ቤት በብዙ መቶ ዓመታት ይቀድማል። የቴክኖሎጂ ታሪክ ጸሐፊዎች አጀማመሩን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ3ኛው ክፍለ ዘመን እስክንድርያ ከኖረው ከክቴሲቢዮስ ጋር ያያይዙታል። የእሱ የውሃ ሰዓት በትክክል እንዲቆጥር ውሃው ሳይዋዥቅ መንጠባጠብ ነበረበት፤ ለዚህም ተንሳፋፊው የዕቃውን ውሃ ከፍታ ይጠብቅ ነበር። በ9ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በባግዳድ የባኑ ሙሳ ወንድማማቾች ስለ ረቂቅ መሣሪያዎች በጻፉት መጽሐፍ ተንሳፋፊ መዝጊያዎችን ተጠቅመዋል።

እንግሊዛዊው ጆን ሃሪንግተን በውሃ የሚታጠብ መጸዳጃን በመጽሐፍ ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1596 ነው። አሌክሳንደር ካሚንግ በ1775፣ ጆሴፍ ብራማ በ1778 የፈጠራ መብት አወጡ። መጸዳጃው በየቤቱ ሲገባ ግን የውሃ ኩባንያዎች በብክነቱ ተጨነቁ፤ ቧንቧው እየተዘጋና እየተከፈተ በፈረቃ ውሃ ለሚያገኘው የለንደን ነዋሪም ጉዳዩ ቀላል አልነበረም። በ1871 በወጣው የከተማዋ የውሃ ሕግ መሠረት የተዘጋጀው ደንብ አንድ መጸዳጃ በአንድ ጊዜ የሚለቀውን ውሃ በሁለት ጋሎን፣ ማለትም በ9 ሊትር ገደማ ወሰነ።

እንግሊዞች የመረጡት መፍትሔ ብልህነት የተሞላበት ነው። ማጠቢያውን በሳጥኑ ሥር በሚከደን መዝጊያ ፋንታ በሲፎን አሠሩት፤ ሲፎኑ ውሃውን ከላይ አዙሮ ስለሚስብ ከሥር የሚያንጠባጥብ ክዳን የለውም። ውሃ ማስገቢያው ሳይዘጋ ቢቀር ደግሞ ትርፉ በማስጠንቀቂያ ቧንቧ ወደ ውጭ ግድግዳ ይወጣል። ጎረቤትም መንገደኛም ያየዋል፤ ባለቤቱም ዝም ብሎ ሊያልፈው አይችልም።

ዘመናት ሲያልፉ የውሃ ማስገቢያው መዝጊያ ራሱም ተሻሻለ። በጋርስተን የሚገኘው የብሪታንያ የሕንፃ ምርምር ጣቢያ ላስቲኳን የሚገፋውን ፒስተን በስስ የላስቲክ ሽፋን የተካ ዓይነት አበጀ፤ የሚንቀሳቀሱትን ክፍሎች ከውሃው ስለለየ በኖራ ዝቃጭ እንደ ቀድሞው ቶሎ አይጣበቅም።

በ1999 የወጣው የብሪታንያ ደንብ ግን ሲፎንን ብቸኛው መንገድ ከመሆን አወጣው፤ ከ2001 መጀመሪያ ጀምሮ ከሥር የሚከደነው መዝጊያ ተፈቀደ። የማጠቢያው መጠን ወደ 6 ሊትር መውረዱ ትልቅ ቁጠባ ነው። ነገር ግን የትርፍ ውሃው መውጫ ወደ መቀመጫው ውስጥ እንዲዞር መፈቀዱ ያሳዝናል፤ ሲያንጠባጥብ የሚያየው ሰው የለምና። ዛሬ ቧንቧ ሠራተኛ ይህን ስውር ፍሳሽ የሚያጣራው ማታ ደረቅ ሶፍት በመቀመጫው የኋላ ግድግዳ ላይ ለጥፎ፣ ጠዋት ርሶ እንደሆነ በማየት ነው።