«ታስሮ ነው»፦ ከደብተራው ደጅ እስከ ቦሌ ፋርማሲ

ከመገናኛ ተነስታችሁ በገርጂ በኩል ወደ ቦሌ ስትሄዱ የመብራት ምሰሶዎቹን ልብ ብላችሁ አይታችኋል? «ቤት የሚከራይ»፣ «አስጠኚ»፣ «ሠራተኛ እናገናኛለን» ከሚሉት ወረቀቶች መሃል አንድ ሌላ ወረቀት አይጠፋም፦ «ለስንፈተ ወሲብ ፍቱን መድኃኒት»። አድራሻ የለውም፣ የሰው ስምም የለውም። ያለው ስልክ ቁጥር ነው፤ ከቁጥሩ በታች ደግሞ አንዲት ቃል፦ «በሚስጥር»።

እኔን የያዘችኝ ያቺ ቃል ናት። የራስ ምታት መድኃኒት በሚስጥር አይሸጥም። የጨጓራም እንደዚሁ። ታዲያ ይሄኛው ለምን? መልሱን ፍለጋ ወደ ኋላ ስሄድ ሚስጥሩ ከክኒኑ በብዙ መቶ ዓመታት እንደሚቀድም አየሁ። ከዚያም የባሰ ነገር አየሁ፦ በዚህ ጉዳይ ሰው የሚጎዳው ብዙውን ጊዜ ሚስጥሩ ባለበት ቦታ ነው።

ቃሉ ራሱ ይፈርዳል

«ስንፈት» የ«ሰነፈ» ዘመድ ነው፤ የ«ስንፍና» ወንድም። ኩላሊቱ የታመመን ሰው «ኩላሊተ ሰነፍ» አንለውም፣ ዓይኑ የደከመውንም አንሰድበውም። ይሄን ሕመም ግን ገና ስሙን ስንጠራው ሰውየውን ወቅሰነዋል። ነገሩ የእኛ ብቻ አይደለም። በእንግሊዝኛም ለረጅም ጊዜ የነበረው ስም «አቅመ ቢስነት» እንደማለት ነበር። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 1992 የአሜሪካ ብሔራዊ የጤና ተቋም የጠራው የባለሙያዎች ጉባኤ ስሙ እንዲቀየርና «የብልት መቆም ችግር» በሚል ትርጉም እንዲተካ የመከረው ለዚህ ነው። ስሙ ሲቀየር ጥያቄውም ይቀየራል፤ «ምን ዓይነት ወንድ ነው?» መባሉ ቀርቶ «የቱ የአካል ክፍል ነው ያልሠራው?» ይባላል።

የእኛ አያቶች ደግሞ ሌላ ቃል ነበራቸው፦ «ታስሮ ነው»። ወይም «ደግመውበት ነው»፣ ሲብስም «ተሰልቧል»። በዚህ አነጋገር ጥፋተኛው ሰውየው አይደለም። ጠላት፣ ቅናተኛ ወይም የተከፋች የድሮ ፍቅረኛ ናት ያሰረችው። ያሰረ ካለ ደግሞ የሚፈታ አለ፤ ደብተራው። በብራና ተጽፈው በቆዩልን የመድኃኒት መጻሕፍት ውስጥ ከቁስል፣ ከኮሶና ከራስ ምታት ጎን ለዚህም ችግር የሚታዘዝ ሥር፣ ቅጠልና ጸሎት ይገኛል።

ይሄን አንብቦ መሳቅ ቀላል ነው። እኔ ግን አልሳቅሁም። በዚያ ዓለም ሰውየው ቢያንስ ችግሩን የሚነግረው ሰው ነበረው፤ የሚነግረውም ሳይሰደብ ነው። የጎደለው ሌላ ነገር ነበር። ምክንያቱ ሁሌም ከሰውነት ውጭ ስለሚፈለግ ሰውነቱን የሚያይ አልነበረም። መድኃኒቱም ምን እንደሆነ አይነገርም። ሥሩን የሚያውቀው ቆፋሪው ነው፣ ታካሚው መዋጥ ብቻ። ዛሬ ምሰሶው ላይ የምናያት «በሚስጥር» የዚያች የልጅ ልጅ ትመስለኛለች።

ሕጉስ ምን አለ?

ሕግም ጉዳዩን ያውቀዋል። በ13ኛው ክፍለ ዘመን በግብፅ በአረብኛ ተዘጋጅቶ ኋላ ወደ ግዕዝ የተመለሰው ፍትሐ ነገሥት፣ ስለ ጋብቻ በሚናገርበት ክፍል ግንኙነት ማድረግ የማይችልን ባል ጉዳይ ያነሣል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ደግሞ ለግንኙነት የሚያስፈልግ አካል የሌለውን ሰው ሳያውቁ ማግባት ጋብቻን ሊያስፈርስ የሚችል መሠረታዊ ስህተት ነው አለ። ዛሬ አዲስ አበባ የምትዳኝበት የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 213/1992፣ ይህንኑ ሐሳብ በአንቀጽ 13 ይዞታል።

እንግዲህ ደብተራው «ማን አሰረው?» አለ፣ ሕጉ «ጋብቻው ይጸናል ወይስ ይፈርሳል?» አለ። «ለምን ሆነ? ሰውነቱ ምን እያለ ነው?» የሚለው ጥያቄ ግን ባለቤት አጥቶ ቆየ። በሕክምናም ቢሆን እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የብዙ ሐኪሞች መልስ «ጭንቀት ነው፣ ከጭንቅላት ነው» የሚል ነበር።

ያ እምነት ሲሰበር ታዲያ አሰባበሩ ጉድ ነው። እ.ኤ.አ. በ1983 ላስ ቬጋስ ውስጥ በተካሄደ የአሜሪካ ዩሮሎጂ ባለሙያዎች ስብሰባ ላይ ጋይልስ ብሪንድሊ የተባሉ እንግሊዛዊ ሳይንቲስት ደም ሥር የሚያላላ መድኃኒት ራሳቸውን ወግተው መድረክ ላይ ወጡ። ከዚያም ምንም የወሲብ ስሜት በሌለበት፣ በአሰልቺ ስብሰባ መሃል፣ ብልት በመድኃኒት ብቻ ሊቆም እንደሚችል ሱሪያቸውን ዝቅ አድርገው አሳዩ። አዳራሹ ደነገጠ። ትምህርቱ ግን ገባው፦ ነገሩ በአብዛኛው የደም ሥር ጉዳይ ነው።

ለልብ የተሠራው ክኒን

ቪያግራ ለዚህ ተብሎ አልተሠራም። ፋይዘር እንግሊዝ አገር ሳንድዊች በምትባል ከተማ ባለው ቤተ ሙከራው ሲልዴናፊልን የሠራው የልብ ደም ሥር ሲጠብ ለሚመጣ የደረት ሕመም ነበር። ለልቡ ብዙም አልረዳም። በሙከራው የተሳተፉ ወንዶች ግን ሌላ «የጎንዮሽ ጉዳት» ይናገሩ ጀመር። ኩባንያው መንገዱን ቀየረ፤ መጋቢት 18 ቀን 1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ማርች 27፣ 1998) የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ፈቀደው። በዚያው ዓመት ናይትሪክ ኦክሳይድ የተባለው ጋዝ ደም ሥርን እንዲላላ የሚያዝ መልእክተኛ መሆኑን የደረሱበት ፈርችጎት፣ ኢግናሮና ሙራድ የኖቤል ሽልማት ተቀበሉ።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ስሜት ሲነሳ ነርቮች ናይትሪክ ኦክሳይድ ይለቃሉ፤ እሱ ሌላ መልእክተኛ ያስነሳል፣ የብልት ደም ሥሮች ይላላሉ፣ ደም ይሞላል። ያንን መልእክተኛ የሚያጠፋ ኢንዛይም አለ። ሲልዴናፊል ኢንዛይሙን ይይዘዋል፣ መልእክቱ ይቆያል። በቃ። ስሜት ከሌለ ግን የሚቆይ መልእክት የለም። ክኒኑ ፍላጎት አይፈጥርም፣ የሻከረ ትዳርም አያለሰልስም። መስተፋቅር አይደለም።

ክኒኑ ለሳንባ ደም ሥር ግፊትም ይታዘዛል፤ ለዚህ የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2005 ነው። ለታመመ ልጇ ሲልዴናፊል ልትገዛ ፋርማሲ የምትገባ እናት ምን ዓይነት ዓይን እንደሚጠብቃት አስቡት።

በዚያው በ1998 አንድ ሌላ ነገር ታትሞ ነበር። «ኢስት አፍሪካን ሜዲካል ጆርናል» ላይ የወጣው ጥናት የስኳር ሕመም ያለባቸውን ኢትዮጵያውያን ወንዶች ጠይቆ፣ ግማሽ የሚጠጉት ይህ ችግር እንዳለባቸው አገኘ። ክኒኑን ዓለም ሁሉ ሰማ። ጥናቱን ከሐኪሞች በቀር ማን ሰማ? እኔ እንደሚመስለኝ የዛሬው ጣጣችን እዚህ ጋ ይጀምራል። መፍትሔው ደረሰን፣ ምክንያቱ ግን አልደረሰንም።

አራተኛ ፎቅ ውሃ ሲጠፋ

ሰሚት ወይም ጎሮ ኮንዶሚኒየም የኖረ ሰው ይሄን ያውቃል፦ የውሃው ግፊት ሲቀንስ መጀመሪያ የሚደርቀው አራተኛ ፎቅ ነው። ምድር ቤት ያለው ጎረቤት ገና አልሰማም። ሰውነትም እንደዚያ ነው። የብልት ደም ሥር ስፋት ከ1 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ሲሆን፣ ልብን የሚመግበው ግን ከ3 እስከ 4 ሚሊ ሜትር ይደርሳል። ስኳር፣ ደም ግፊት፣ ኮሌስትሮልና ሲጋራ ደም ሥርን ሲያበላሹ ቀድሞ የሚታወቀው በቀጭኑ ላይ ነው። እ.ኤ.አ. በ2005 «ጃማ» በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ሰፊ ጥናትም የብልት መቆም ችግር የልብ ሕመም ቀድሞ የሚልከው ምልክት ሊሆን እንደሚችል አሳይቷል።

ችግሩ ብርቅ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1994 የታተመው የማሳቹሴትስ ጥናት ከ40 እስከ 70 ዓመት ካሉት ወንዶች 52 በመቶው ከቀላል እስከ ከባድ ደረጃ እንዳለባቸው አግኝቷል። ከስኳርና ከደም ግፊት ሌላ የነርቭ ጉዳት፣ የሆርሞን ማነስ፣ አልኮል፣ አንዳንድ የድብርትና የደም ግፊት መድኃኒቶችም ያመጡታል። ወጣት ላይ ደግሞ ጭንቀት፣ እንቅልፍ ማጣትና «ባይሳካልኝስ?» የሚለው ፍርሃት ትልቅ ድርሻ አላቸው። አንድ ቀላል ፍንጭ አለ፦ ጠዋት ስትነቁ የሚቆም ከሆነ ነርቩና ደም ሥሩ በአብዛኛው ደህና ናቸው። ጠዋትም ከቀረ ግን ምርመራው አይቆይ።

«ጓደኛዬ ልኮኝ ነው»

ከአትላስ እስከ ሃያ ሁለት ባሉት ፋርማሲዎች ወረፋ ስጠብቅ ይሄን ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሰውየው ሌላው ደንበኛ እስኪወጣ ይዘገያል። ከዚያ ስልኩን አውጥቶ ስሙን በስክሪን ያሳያል፤ በአፉ አይጠራውም። «ጓደኛዬ ልኮኝ ነው» ይላል። ክኒኑ በሐኪም ማዘዣ የሚሰጥ ነው፤ ማዘዣ ግን አይዝም። «ሌላ የምትወስደው መድኃኒት አለ?» የሚለው ጥያቄም አይነሳም፣ ምክንያቱም ለ«ጓደኛ» ነው።

ያ ጥያቄ ደግሞ ነፍስ ያድናል። ሲልዴናፊል በትክክለኛው መጠን፣ ማለትም በ25፣ በ50 ወይም ቢበዛ በ100 ሚሊ ግራም፣ በቀን ከአንዴ ሳይበልጥ ሲወሰድ ለብዙ ሰው ደህና ነው። ራስ ምታት፣ ፊት ማቃጠል፣ አፍንጫ መታፈን፣ አንዳንዴ ነገሮች ሰማያዊ ሆነው መታየት ያመጣል፤ ያልፋል። ከናይትሬት መድኃኒቶች ጋር ሲገናኝ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ለደረት ሕመም ከምላስ ሥር የሚደረገው ናይትሮግሊሰሪን የሚሠራው በዚያው በናይትሪክ ኦክሳይድ መንገድ ነው። ሁለቱ ሲደራረቡ የደም ግፊት በድንገት ወርዶ ሰው ሊሞት ይችላል። ሲልዴናፊል የወሰደ ሰው ቢያንስ 24 ሰዓት፣ ታዳላፊል የወሰደ ደግሞ 48 ሰዓት ሳያልፈው ናይትሬት መውሰድ የለበትም።

አሁን ሌሊቱን አስቡት። ሰውየው ደረቱን ያዘውና ድንገተኛ ክፍል ወሰዱት። ሐኪሙ «ምን ወስደሃል?» ይለዋል። አጠገቡ ሚስቱ፣ ወንድሙ፣ ጓደኞቹ ቆመዋል። «ምንም» ይላል። ያቺ «ምንም» ከክኒኑ ትበልጣለች።

ሌሎችም አሉ። ለፕሮስቴት የሚወሰዱ አንዳንድ መድኃኒቶች አብረውት ግፊት ያወርዳሉ። በኤችአይቪ ሕክምና ውስጥ የሚገኘው ሪቶናቪር ክኒኑ በደም ውስጥ ያለውን መጠን በጣም ያንረዋል። ጫት የልብ ምትና የደም ግፊት ይጨምራል፤ በምርቃና ላይ ክኒን ደርቦ መዋጥ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ቁማር ነው። ከ4 ሰዓት በላይ ሳይወርድ የቆየ ብልት፣ በድንገት የጠፋ እይታ ወይም መስማት ደግሞ ወዲያው ሐኪም ቤት የሚያስኬዱ ናቸው።

በሻንጣና በቴሌግራም

ይህ ሁሉ እውነተኛ ክኒን ከሆነ ነው። ቦሌ የአውሮፕላን ሰፈር ናት፤ ዕቃ በሻንጣ ይገባል፣ በቴሌግራም ይሸጣል፣ በሞተር ይደርሳል። በሻንጣ የመጣ ክኒን ውስጥ ምን እንዳለ ሻጩም አያውቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 በሲንጋፖር የስኳር ሕመም የሌለባቸው 150 ሰዎች በአምስት ወር ውስጥ ስኳራቸው ወርዶ ሆስፒታል ገቡ፤ አራቱ ሞቱ። ብዙዎቹ የወሰዱት ሕገ ወጥ የወሲብ መድኃኒት ሲመረመር ግሊበንክላማይድ የተባለ የስኳር መድኃኒት ተቀላቅሎበት ተገኘ። እ.ኤ.አ. በ2022 ደግሞ የአሜሪካው ተቆጣጣሪ «የተፈጥሮ ማር» እየተባሉ በሚሸጡ ምርቶች ውስጥ ሲልዴናፊልና ታዳላፊል ተደብቀው እንዳገኘ አስጠነቀቀ። ልብ ሕመምተኛው «ማር ነው» ብሎ ይልሳል።

እኛ አገር መድኃኒትን የሚቆጣጠር ባለሥልጣን በአዋጅ ከተቋቋመ ቆይቷል፤ በ1991 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 176፣ ዛሬ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1112/2011። ግን የትኛው ተቆጣጣሪ ነው ሰው ራሱ የደበቀውን ክኒን የሚያገኘው?

ስለዚህ ሁለት ዓይነት ሚስጥር እንዳለ ብናውቅ ጥሩ ነው። ሐኪምና ፋርማሲስት የሚጠብቁት ሚስጥር አለ፤ የሙያቸው ግዴታ ነው፣ የሚጠብቀውም እናንተን ነው። ምሰሶው ላይ ያለችው «በሚስጥር» ግን የምትጠብቀው ሻጩን ነው፤ ነገ ብትታመሙ የት ታገኙታላችሁ?

ችግሩ ከገጠማችሁ፣ ወይም አባታችሁና ጓደኛችሁ ላይ ከጠረጠራችሁ፣ መጀመሪያ ደም ግፊትና ስኳር ተለኩ። ደቂቃዎች ይፈጃል። ከዚያ ለሐኪሙ የምትወስዱትን ሁሉ ንገሩ፣ ጫቱንም፣ ማሩንም። ሰው አጠገባችሁ ካለና ካፈራችሁ «ዶክተር፣ ብቻችንን እናውራ» ማለት ይቻላል። ለዚያ ሦስት ቃል የሚሆን ድፍረት ካለን፣ ክኒኑ ቀሪውን ሥራ በደህና ይሠራል።