አንድ ጠመንጃ ላለው ሰው

አያቴ ዕድሜውን ሙሉ የያዘው አንድ ውጅግራ ብቻ ነበር። በልጅነቴ የጎረቤታችንን አምስት ጎራሽ ምንሽር እያየሁ በአያቴ ጠመንጃ አፍር ነበር። ታሪክ ማገላበጥ ከጀመርኩ ወዲህ ግን የማፍረው በራሴ ነው።

ውጅግራ ስሙን ያገኘው «ፉዚ ግራ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1874 የተሠራ፣ 11 ሚሊ ሜትር፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ ጠመንጃ ነው። በ1886 ፈረንሳዮች ጭስ አልባ ባሩድ የሚተኩሰውን ሌበል ሲያወጡ ግራው አረጀ፤ ያረጀውም ወደ እኛ ጎረፈ። የካቲት 23 ቀን 1888 ዓ.ም. አድዋ ላይ ከተኮሱት ጠመንጃዎች አንዱ እሱ ነበር።

እንግዲህ አንባቢ ሆይ፣ የአንድ ገበሬን ኪስ አስቡት። ያቺው አንዲት ጠመንጃ ለዘመቻም፣ ለአደንም፣ ለሰብል ጥበቃም፣ ለለቅሶ ተኩስም ናት። ታዲያ የሚመረጠው በጉርሻው ብዛት ነው? አይደለም፤ በጥይቱ ነው። የውጅግራ ጥይት በየገበያው ከመገኘቱ የተነሣ እንደ ሽርፍራፊ ገንዘብ ይመነዘር ነበር። ጥቁሩን ባሩድ የአገር ባለሙያ ይቀምመዋል፤ ጭስ አልባውን ግን ከባሕር ማዶ መጠበቅ ግድ ነው። ማንገቻውና ዝናሩም ከቤት ቆዳ ይሠራሉ።

እርግጥ ነው፣ የውጅግራ ጭስ ተኳሹን ያሳብቃል፤ ሁለተኛው ጥይት እስኪጎርስም ጠላት ይደርሳል። አያቴ ይህን አያጣውም። ነገር ግን ጥይት ያጣ ምንሽር ከዱላ እንደማይሻል ያውቅ ነበር። የጎረቤታችን ምንሽር ለዓመታት ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ሲኖር፣ የአያቴ ውጅግራ ግን ማሳ ስትጠብቅ ታድር ነበር።