የኢንሱሊን ፓምፕ፦ ታዳጊዎችና ወላጆቻቸው ከመወሰናቸው በፊት ምን ሊያውቁ ይገባል?

በአውሮፓውያኑ ጥር 1922 በካናዳዋ ቶሮንቶ ከተማ ሆስፒታል ተኝቶ የነበረው ሊዮናርድ ቶምፕሰን፣ ለስኳር ሕመሙ ኢንሱሊን የተወጋ የመጀመሪያው ታካሚ ሆነ። ዕድሜው 14 ዓመት ነበር። ያኔ ለእርሱም ሆነ ለወላጆቹ የሚመረጥ ነገር አልነበረም፤ አማራጩ ሞት ነበር።

ዛሬ በዚያው ዕድሜ የሚገኝና ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ያለበት ታዳጊ ሌላ ጥያቄ ሊቀርብለት ይችላል። ኢንሱሊኑን በቀን አራትና አምስት ጊዜ በመርፌ መውሰዱን ይቀጥል? ወይስ ቀንም ሌሊትም ከገላው በማይለይ ፓምፕ ይተካው?

ጥያቄው መቅረቡ ራሱ እንደሚኖርበት አገር ይለያያል። የብሪታኒያው የሕክምና መመሪያ አውጪ ተቋም ናይስ በታኅሣሥ 2023፣ በእንግሊዝና በዌልስ ዓይነት 1 የስኳር ሕመም ላለባቸው ሕፃናትና ወጣቶች ከስኳር መለኪያ ጋር የተናበበ ፓምፕ እንዲቀርብ መክሯል። በኢትዮጵያ፣ በኬንያና በዩጋንዳ ግን ብዙ ታዳጊዎች መድኃኒቱን የሚያገኙት በዕርዳታ በሚደገፉ ፕሮግራሞች ሲሆን፣ የሚሰጣቸውም በአብዛኛው በብልቃጥ የሚመጣ ኢንሱሊንና መርፌ ነው። ፓምፕ ያላቸው ጥቂቶች ወይ ከኪሳቸው ከፍለው፣ ወይ ውጭ አገር ያለ ዘመድ ልኮላቸው ያገኙት ነው።

መሣሪያው ምን ይሠራል? ምንስ አይሠራም?

በመርፌ የሚታከም ሰው ብዙውን ጊዜ ሁለት ዓይነት ኢንሱሊን ይጠቀማል። አንዱ ቀኑን ሙሉ በዝግታ የሚሠራ፣ ሌላው ከምግብ በፊት የሚወሰድ ፈጣን ነው። ፓምፕ የሚጠቀመው ፈጣኑን ብቻ ነው። ኪስ ውስጥ የሚገባው መሣሪያ በቀጭን ቱቦ አማካይነት በየጥቂት ደቂቃው እጅግ አነስተኛ መጠን ከቆዳ ሥር ያደርሳል። ቱቦ የሌላቸውና በቀጥታ ቆዳ ላይ የሚለጠፉም አሉ። ከቆዳ ሥር የሚገባው ክፍል በየሁለት ወይም በየሦስት ቀኑ መቀየርና ወደ ሌላ የገላ ክፍል መዛወር አለበት።

አዳዲሶቹ ፓምፖች ቆዳ ላይ ከሚለጠፍ የስኳር መለኪያ መረጃ እየተቀበሉ መጠኑን በራሳቸው ከፍና ዝቅ ያደርጋሉ። የመጀመሪያው እንዲህ ዓይነት ሥርዓት በአሜሪካ ፈቃድ ያገኘው በመስከረም 2016 ሲሆን፣ የተፈቀደውም ዕድሜያቸው 14 እና ከዚያ በላይ ለሆኑ ነበር።

ሆኖም እነዚህም ቢሆኑ ታዳጊው ምን ያህል እንደሚበላ አስቀድሞ ካልነገራቸው ከምግብ በኋላ የሚመጣውን የስኳር ጭማሪ በወቅቱ ሊቋቋሙት አይችሉም። የካርቦሃይድሬቱን መጠን ገምቶ ማስገባት የሰው ሥራ ሆኖ ቀርቷል። ቤተሰብ ከአንድ ትሪ በሚጎራረስበት ቤት ደግሞ አንድ ልጅ ስንት እንጀራ እንደበላ መገመት ዳቦ ቆጥሮ እንደ መብላት ቀላል አይደለም። ድርሻውን ለብቻ ማቅረብ ይረዳል፤ አንዳንድ ታዳጊ ግን ከማዕድ እንደ መለየት ይቆጥረዋል።

ጉርምስናና ስኳር

በጉርምስና ወቅት የሚጨምሩት ሆርሞኖች ሰውነት ለኢንሱሊን የሚሰጠውን ምላሽ ያዳክማሉ። በተለይ ወደ ንጋት ላይ፣ ልጁ ተኝቶ ሳለ፣ ስኳሩ ያለ ምንም ምግብ ሊያሻቅብ ይችላል። የፓምፕ ዋነኛ ጥቅም የሚታየው እዚህ ላይ ነው፤ ለሌሊቱ አንድ፣ ለንጋቱ ሌላ መጠን መመደብ ይቻላል። ማታ የተወጋ ዘገምተኛ ኢንሱሊን ግን አንዴ ከገባ ወዲያ አይመለስም። በስፖርት ሰዓት፣ ወይም ሐኪም ፈቅዶ በሚጾምበት ቀን መጠኑን መቀነስ መቻሉም ቀላል ጥቅም አይደለም።

ይህ ማለት መርፌ ኋላ ቀር ሕክምና ነው ማለት አይደለም። በ1993 ውጤቱ ይፋ የሆነውና ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 39 የሆኑ 1,441 ሰዎችን ያካተተው የአሜሪካና የካናዳ ጥናት፣ ጥብቅ ቁጥጥር የዓይን ጉዳት ባልነበረባቸው ሰዎች ላይ ጉዳቱ የመከሰቱን ዕድል በ76 በመቶ እንደቀነሰ አሳይቷል። በዚያ ጥናት ጥብቅ ቁጥጥር ያደረጉት ሰዎች ከፊሎቹ ፓምፕ፣ ከፊሎቹ ደግሞ በቀን ሦስትና ከዚያ በላይ መርፌ ይጠቀሙ ነበር።

ፓምፑ ሲቆም

ከሁሉ በላይ ሊታወቅ የሚገባው አደጋ ይህ ነው። ፓምፕ የሚጠቀም ሰው በገላው ውስጥ የተጠራቀመ ዘገምተኛ ኢንሱሊን የለውም። ቱቦው ቢታጠፍ፣ ባትሪው ቢያልቅ ወይም ታዳጊው ለዋና አውልቆት ቢረሳው በጥቂት ሰዓታት ውስጥ ስኳሩ ይወጣል፤ ኬቶን የሚባለው አሲድ በደም ውስጥ ይከማቻል። ማስመለስ፣ የሆድ ሕመምና ፈጣን ትንፋሽ ከታየ ሆስፒታል መድረስ ያስፈልጋል። በአንዳንድ ቤት እነዚህ ምልክቶች በምግብ መመረዝ ወይም በወባ ተሳስተው ውድ ሰዓታት ይባክናሉ።

ስለዚህ ፓምፕ ያለው ታዳጊ የኢንሱሊን ብዕር ወይም መርፌ ከቦርሳው ሊለይ አይገባም። ሙቀትም ሌላ ጠላት ነው። በፓምፕ ውስጥ ያለ ኢንሱሊን ከ37 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ መሞቅ የለበትም። በጂቡቲ፣ በአፋር ወይም በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋ ይህ የዕለት ተዕለት ጥንቃቄ ይጠይቃል።

ከውጭ የሚላክ ስጦታ

ዘመድ በደግነት የሚልከው ፓምፕ ብዙ ጊዜ የሚመጣው ለጥቂት ወራት ከሚበቃ መለዋወጫ ጋር ነው። መሣሪያው ሳይሆን መለዋወጫው ነው የዘላቂው ወጪ ምንጭ። ቱቦው፣ መያዣው፣ መለኪያውና ፈጣኑ ኢንሱሊን ዓመቱን ሙሉ መገኘታቸው ካልተረጋገጠ፣ እንዲሁም ቅንብሩን የሚያውቅ ሐኪም በአቅራቢያ ከሌለ፣ ያንኑ ገንዘብ ለስኳር መለኪያ ማዋል የተሻለ ይሆናል። ሌላ ሰው የተጠቀመበት ፓምፕ ከሆነ ደግሞ የቀድሞው ባለቤት መጠን በውስጡ ተመዝግቦ ሊቀር ስለሚችል፣ ሐኪም እንደገና ሳያስተካክለው በምንም ምክንያት መለበስ የለበትም።

ውሳኔው የማን ነው?

ወላጆች የሚፈልጉትና ልጁ የሚፈልገው ሁልጊዜ አንድ አይደለም። እናት ሌሊት ተነስታ ስኳር መለካት ያቆመች መስሏት ፓምፑን ትወደው ይሆናል፤ ልጅቷ ደግሞ በልብሷ ሥር የሚያብጠውን ነገር የክፍል ጓደኞቿ እንዳያዩባት ትጨነቃለች። መሣሪያው ክፍል ውስጥ ይጮኻል። ፈታኝ መምህር ስልክ መስሎት ሊወስደው ስለሚችል ለትምህርት ቤቱ አስቀድሞ በደብዳቤ ማሳወቅ ይገባል።

በግድ የተለበሰ ፓምፕ መጠኑ ሳይነገረው ይውላል፤ የምግብ ሰዓት መጠን መዝለል ደግሞ በታዳጊዎች ላይ ቁጥጥሩ ከሚበላሽባቸው ዋና ምክንያቶች አንዱ ነው። በመርፌም ስኳሩን በየጊዜው የማይለካ ልጅ ፓምፕ ስለገዙለት መለካት ይጀምራል ብሎ መጠበቅ የዋህነት ነው።

አንዳንድ ክሊኒኮች ከመወሰናቸው በፊት ታዳጊው ፓምፑን በኢንሱሊን ፈንታ በጨው ውኃ ሞልቶ ለጥቂት ቀናት እንዲለብሰው ያደርጋሉ። በዚያን ጊዜ መርፌውን አያቋርጥም፤ ከመሣሪያው ጋር መተኛት፣ መታጠብና ኳስ መጫወት ምን እንደሚመስል ግን ያየዋል። ጀምሮ የተወውም ወደ መርፌ መመለስ ይችላል። በዚያን ዕለት የመጀመሪያው ዘገምተኛ ኢንሱሊን ፓምፑ ከመውለቁ ሁለት ሰዓት ያህል አስቀድሞ ይወጋል፤ መጠኑን የሚወስነው ሐኪሙ ነው።