ቅጽል ስም፣ ፉገራ እና የአቡ ዘር ልብስ

የድሬን ልጅ የሚያውቅ ሰው ፉገራ ምን እንደሆነ ያውቃል። ቀፊራ ገበያ ውስጥ ከሸቀጡ ቀጥሎ የማይጠፋው ነገር ቅጽል ስም ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ባቡር የወለዳት ከተማ ኦሮሞውን፣ ሶማሌውን፣ ሐረሪውን፣ አማራውን፣ ጉራጌውንና የመናዊውን ጎረቤት ስታደርግ፣ እየተፎጋገሩ መኖር አንዱ የመግባቢያ መንገድ ሆነ። ይህን የምነቅፍ አይደለሁም፤ ሰው ብዙ ጊዜ የሚፎግረው ያቀረበውን ነው።

ችግሩ ስሙ ከላይ ወደ ታች ብቻ ሲወርድ ነው። ነጋዴው ተሸካሚውን ልጅ በሚያነክስ እግሩ፣ በመልኩ ወይም በዘሩ ይጠራዋል። ልጁ መልሶ ሊፎግረው አይችልም፤ የዕለት እንጀራው እዚያ ሱቅ ደጃፍ ላይ ነው። «ቀልድ እኮ ነው» የሚለው መልስም ሁልጊዜ የሚወጣው ከሳቂው አፍ ነው።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። መዲና ውስጥ የበኒ ሰሊማ ሰዎች ሁለትና ሦስት መጠሪያ ነበራቸው። ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ.) አንዱን ከስሞቹ በአንደኛው ሲጠሩት፣ አጠገባቸው የነበሩት ሰውዬው ያን ስም እንደሚጠላው ነገሯቸው። የሱረቱል ሑጁራት 11ኛ አንቀጽ ስለ ቅጽል ስም የሚናገረው በዚህ ምክንያት እንደወረደ አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበዋል። አንቀጹ ወንዶችንም ሴቶችንም ለይቶ እየጠራ ማላገጥን ይከለክላል፤ ምክንያቱንም አብሮ ይሰጣል፦ የተላገጠበት ሰው ከላጋጩ የተሻለ ሊሆን ይችላል።

እዚህ ላይ ልብ በሉ፤ የታየው የተጠሪው ስሜት እንጂ የጠሪው ሐሳብ አይደለም። ዐሊይ መስጊድ ውስጥ ተኝተው ጀርባቸውን አፈር ነክቷቸው ነቢዩ «አቡ ቱራብ» (የአፈር አባት) ብለው ጠሯቸው። ዐሊይ ከዚያ በኋላ ከዚህ የበለጠ የሚወዱት ስም አልነበራቸውም። ታላቁ የሐዲስ ዘጋቢ ሱለይማን ኢብን ሚህራን ደግሞ በዐይናቸው ድካም ምክንያት «አል-አዕመሽ» ተብለው በመጻሕፍት ሳይቀር ቀሩ፤ ዑለማዎች እንዲህ ያለውን የፈቀዱት ሰውን ለመለየት እንጂ ለማዋረድ እንዳይሆን ነው።

ከሁሉም የሚከብደው ግን እኛን የሚነካው ታሪክ ነው። አቡ ዘር አል-ጊፋሪ ከአንድ ሰው ጋር ተጣልተው በእናቱ ሰደቡት። ቡኻሪ የሰውዬውን ስም አይጠቅስም፤ ኋላ የመጡ ተንታኞች ሐበሻው ቢላል ነው፣ የተነሳውም የእናቱ ጥቁረት ነው ይላሉ። አቡ ዘር እስልምናን ቀድመው ከተቀበሉት አንዱ ነበሩ። ነቢዩ ግን ገና የጃሂሊያ ጠባይ እንዳልለቀቃቸው ፊት ለፊት ነገሯቸው።

ይህን ብዙዎች ይተርኩታል፤ ቀጥሎ ያለውን ግን ይዘሉታል። የነቢዩ ንግግር ከስድቡ በቀጥታ ወደ ሥራ ነው የተሻገረው። በእጃችሁ ሥር ያሉት ወንድሞቻችሁ ስለሆኑ ከምትበሉት አብሏቸው፣ ከምትለብሱት አልብሷቸው አሉ፤ ከአቅም በላይ ማሠራትንም ከለከሉ፤ የግድ ከሆነም አብሮ ማገዝን አዘዙ። ስድቡና ሸክሙ አንድ ጉዳይ ነበር ማለት ነው። ጆንያ የሚያሸክም ነጋዴ ይህን ሐዲስ ሰምቶ ስለ ምላስ ብቻ የተነገረ ከመሰለው ግማሹን አልሰማም።

ከጊዜ በኋላ አል-መዕሩር የተባለ ሰው ረበዛ በተባለ ቦታ አቡ ዘርን አገኛቸው። እሳቸውና አገልጋያቸው አንድ ዓይነት ልብስ ለብሰዋል። ለምን ብሎ ሲጠይቃቸው የተረኩለት ይህንኑ የስድቡን ታሪክ ነበር።