የሞት ምክንያት ቆጠራ ከለንደን እስከ ቡታጅራ

እንሴኖ በስምጥ ሸለቆው ዳርቻ፣ በበርበሬው ከታወቀው ከማረቆ አጠገብ የምትገኝ የመስቃን ከተማ ናት። በዚህች ከተማና በዙሪያዋ ባሉት መንደሮች ሰው ሲሞት ጎረቤት ይሰበሰባል፤ ቀብሩም በወጉ ይፈጸማል። የሟቹ ስም በቤተሰቡ ዘንድ ሲታወስ ይኖራል፤ የሞተበት ምክንያት ግን ለረጅም ዘመን በመዝገብ ሳይሰፍር ቀርቷል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ስለ ልደት፣ ጋብቻና ሞት መዝገቦች ቢደነግግም፣ ይኸው ሕግ ራሱ የድንጋጌዎቹን አፈጻጸም ላልተወሰነ ጊዜ አግዶት ነበር።

በሌላው ዓለምም ቢሆን ይህ ዕውቀት በአንድ ጀምበር የተገኘ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1662 ጆን ግራውንት የተባለ የለንደን የአልባሳት ነጋዴ፣ በከተማው በየሳምንቱ ይወጣ የነበረውን የሙታን ዝርዝር መርምሮ መጽሐፍ አሳተመ። የሞቱን ምክንያት ያስመዘግቡ የነበሩት ሐኪሞች ሳይሆኑ አስከሬን እያዩ ቤተሰብ የሚጠይቁ አሮጊቶች ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1854 ደግሞ ዶክተር ጆን ስኖው በዚያችው ከተማ በኮሌራ የሞቱት ሰዎች የት ይኖሩ እንደ ነበር ተከታትሎ፣ ጥፋቱ ከአንድ የውኃ ፓምፕ መሆኑን በማስረዳት እጀታው እንዲነቀል አደረገ። ቆጠራው ለመሐንዲሱ ሥራ መንገድ የጠረገው በዚህ ዓይነት ነው።

በእኛም አገር ተመሳሳይ ጥረት በ1979 ዓ.ም. ተጀመረ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ከስዊድኑ የኡሚዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር፣ በያኔው የመስቃንና ማረቆ ወረዳ 9 የገበሬ ማኅበራትንና 1 የቡታጅራ ከተማ ቀበሌን መርጦ ልደትንና ሞትን ቤት ለቤት መመዝገብ ያዘ። ሐኪም ሳያየው ለሞተ ሰው የተገኘው ዘዴ፣ ሐዘኑ ከበረደ በኋላ ቤተሰቡን መጠየቅ ነበር። ትኩሳቱ መቼ ጀመረ? ሕፃኑ ሲተነፍስ ደረቱ ይሰረጉድ ነበርን? ተቅማጡስ ደም ነበረውን? በዚህ መንገድ ከተሰበሰበው መረጃ፣ ከ5 ዓመት በታች ያሉትን ሕፃናት በብዛት የሚቀጥፉት የመተንፈሻ አካል ሕመሞችና ተቅማጥ መሆናቸው ታወቀ። ሁለቱም በንጹሕ ውኃ፣ በመጸዳጃ ቤት፣ ጢስ በማያፍን ማእድ ቤትና በክትባት ሊቀነሱ የሚችሉ ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው፣ እ.ኤ.አ. በ2021 በዓለም ላይ 68 ሚሊዮን ያህል ሰዎች ሲሞቱ ቀዳሚው ገዳይ የልብ ደም ሥር በሽታ ነበር። ይሁን እንጂ መዝገብ በሌለባቸው አገሮች የሚወጣው አኃዝ በአብዛኛው በስሌት የተገመተ ሲሆን፣ ለግምቱ መነሻ ከሚሆኑት አንዱ እንደ ቡታጅራ ባሉ ጣቢያዎች የተደረገው ቆጠራ ነው።

በአገራችን የወሳኝ ኩነት ምዝገባ አዋጅ በ2004 ዓ.ም. ወጥቶ፣ ምዝገባው በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተጀምሯል። ሆኖም ሞት መመዝገቡ ብቻ ምክንያቱን አያስታውቅም። በቤቱ ለሚሞተው ሰው ጠይቆ የሚጽፍ ባለሙያ እስካልተመደበለት ድረስ፣ ጉድጓዱ የት ይቆፈር፣ የጤና ጣቢያው የት ይሠራ የሚለው ጥያቄ የሚመለሰው በግምት ነው። በግምት የተሠራ ሥራ ደግሞ ሲሳሳት ዋጋውን የሚከፍሉት ሕፃናት ናቸው።