ወረቀትና ሥራ፦ አሮጌ ቤቶችና ኤምባሲዎች ለእኛ ምን ይነግሩናል?



አብዛኞቻችን ኤምባሲ የምናውቀው ከአጥሩ ውጭ ነው። በጠዋት ተሰልፋ ቪዛ የጠበቀች እህት አለችን፤ በየግቢው ምግብ የምታበስል፣ ልብስ የምታጥብ፣ ልጅ የምትይዝ አባልም አለችን። ታክሲ ውስጥ «ካናዳ ኤምባሲ ጋ ወራጅ አለ» እንላለን እንጂ ግቢው ከየት እንደ መጣ ጠይቀን አናውቅም። ስለዚህ በዚህ ዓመት በሦስት እሑዶች ተሰባስበን ከሰፈራችን ጀምረን የከተማዋን የኤምባሲ ሰፈሮችና አሮጌ ትልልቅ ቤቶች በእግራችን ዞርን። መግባት በተፈቀደልን ገባን፤ ባልተፈቀደልን ከአጥሩ ውጭ ቆመን አየን። በየዕለቱ ከደረሰኝና ከመዝገብ ጋር የምንውለው የሒሳብ ክፍሎች ደግሞ አንድ ጥያቄ ይዘን ወጣን፦ ከመቶ ዓመት በላይ የቆመውን ቤት ከፈረሰው የለየው ምንድን ነው?

ከደጃችን ስንጀምር

ክፍለ ከተማችን ስሙን ያገኘው ከአንድ አዲስ ነገር ነው። ነፋስ ስልክ ማለት ያለ ሽቦ፣ በነፋስ የሚሄድ ስልክ ማለት ነው። ሰፈሩ የተጠራው እዚህ በነበረው የሬዲዮ ጣቢያ ነው። ሬዲዮ ለአገራችን ሴቶች ታሪክም ቅርብ ነው፤ በ1927 ዓ.ም. መጨረሻ የጣልያን ጦር በድንበራችን ሲከማች እቴጌ መነን ለዓለም ሴቶች ስለ ሰላም ጥሪ ያሰሙት በሬዲዮ ነበር። ላፍቶና መካኒሳ ደግሞ የኦሮምኛ የዛፍ ስሞች ናቸው፤ ላፍቶ ግራር፣ መካኒሳ ብሳና። ዛሬ ግራሩንም ብሳናውንም ለማግኘት ዓይን ይደክማል፤ ስሙ ግን አለ።

ሳር ቤትም እንዲሁ ነው። የሳር ክዳን የሚባል ነገር በሰፈሩ የለም፤ ያለው ቪላ፣ ፎቅና የጥበቃ ቤት ነው። ከዚያ አለፍ ብሎ ያለውን ሰፈር ኦልድ ኤርፖርት የምንለው የልደታ አውሮፕላን ማረፊያ በዚያ ስለ ነበር ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በመጋቢት 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያውን በረራ ወደ ካይሮ ሲያደርግ የቦሌ ማረፊያ ገና አልነበረም። የመንገደኛ በረራ ወደ ቦሌ ሲዛወር ሰፈሩ ጸጥ ያለ የመኖሪያ ሰፈር ሆነ፤ ሰፊ ግቢ ያላቸው ቪላዎቹም ለኤምባሲዎችና ለዲፕሎማቶች ተመቹ። በግንቦት 1955 ዓ.ም. የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በአዲስ አበባ ከተመሠረተ በኋላ ደግሞ ኤምባሲ ለመክፈት የሚመጣው አገር በዛ።

ሐምሌ 19 ቀን 1967 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 47 የከተማ ቦታንና ትርፍ ቤትን የመንግሥት አደረገ። ኪራያቸው አነስተኛ የሆኑት ቤቶች ወደ ቀበሌ ሄዱ፤ ከፍ ያሉት ቪላዎች ኪራይ ቤቶች ብለን በምንጠራው መሥሪያ ቤት ሥር ገቡ። ስለዚህ በአንድ አዋጅ አንዷ አባላችን የቀበሌ ቤት ተከራይ ሆነች፤ የባዕድ አገር ዲፕሎማትም የመንግሥት ቪላ ተከራየ። የሁለቱም የኪራይ ታሪክ የሚጀምረው ከዚያች ቀን ነው።

ከዓድዋ በኋላ የመጡ እንግዶች

የድሮዎቹ ኤምባሲዎች ያሉት ግን ወደ ምሥራቅ፣ ከቀበና ወንዝ ወዲያ ነው። በሁለተኛው እሑድ የሄድነው ወደዚያ ነው። አዲስ አበባ ራሷ የተቆረቆረችው በ1879 ዓ.ም. ነው፤ እቴጌ ጣይቱ ፍልውሃ አጠገብ ያለውን ሜዳ ወደውት ቤት እንዲሠራ ጠየቁ፤ ስሙንም አወጡለት። ከ9 ዓመት በኋላ የዓድዋ ድል ሆነ። ጣልያን በጥቅምት 1889 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተፈረመው ውል የኢትዮጵያን ነፃነት ተቀበለች፤ ወዲያው የፈረንሳይ፣ የእንግሊዝና የሩሲያ መልእክተኞች ተከታትለው መጡ። ዓፄ ምኒልክም ከቤተ መንግሥቱ ራቅ አድርገው ሰፋፊ ቦታ ሰጧቸው። በዚያ ዘመን ኤምባሲ ሳይሆን ለጋሲዮን ነበር የሚባለው፤ «ፈረንሳይ ለጋሲዮን» የሚለው የታክሲ ጥሪ ቃሉን እስከ ዛሬ አቆይቶታል። የፈረንሳይ ግቢ ወደ 43 ሄክታር ይጠጋል፤ ከውጭ ስታዩት ደን እንጂ መሥሪያ ቤት አይመስልም።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ለነዚህ ግቢዎች ቦታ ሲሰጥ አዲስ አበባ ድንኳንና የሳር ጎጆ የሞላባት፣ ገና የጦር ሰፈር የመሰለች ከተማ ነበረች። ለመኳንንቱም በየኮረብታው ሰፈር ተሰጥቷቸው ነበር። የከተማ ቦታ በወረቀት ተመዝግቦ የሚያዝበትና የሚሸጥበት ደንብ የወጣው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1907 ነው። ከዚያ ወዲህ መንግሥት ሦስቴ አራቴ ተለዋወጠ፤ የመኳንንቱ ሰፈር ተከፋፈለ፣ ተወረሰ፣ ፈረሰ። የለጋሲዮኖቹ አጥር ግን በቦታው አለ፤ በውልና በካርታ የተያዘ ነውና።

አጥሩ ክፉ ቀንም አይቷል። ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ከተማዋን ለቀው ሲወጡ ጣልያኖች እስኪገቡ ባሉት ሦስት ቀናት ከተማዋ ተዘረፈች፣ ተቃጠለች። ያን ጊዜ ከሺህ በላይ የውጭ አገር ሰዎች በእንግሊዝ ለጋሲዮን ተጠለሉ። አብዛኛው የከተማዋ ሕዝብ ግን እንዲህ ያለ አጥር አልነበረውም።

በዚያው መንገድ ከእንጦጦ የሚወርዱ እንጨት ተሸካሚ ሴቶች አገኘን። ጀርባቸው ጎብጦ፣ የባሕር ዛፉ ጭነት ከቁመታቸው በልጦ፣ ለጋሲዮኑን አጥር ታከው ያልፋሉ። ይህ ሥራ ከከተማዋ ጋር የቆየ ነው፤ በየመኳንንቱና በየእንግዶቹ ማድ ቤት የነደደው እንጨት አብዛኛው በሴት ጀርባ የወረደ ነው። ስማቸው ግን በየትኛውም መዝገብ የለም። ከመካከላችን ሁለቱ እናቶች በዚህ ሥራ ልጆች ያሳደጉ ናቸው፤ መንገዱን ያሳዩንም እነሱ ናቸው።

ሥራ ያገኙ ቤቶች

በሦስተኛው እሑድ ወደ መሐል ከተማ ሄድን። የዚያ ዘመን ትልልቅ ቤቶች መልክ ይመሳሰላል፤ በጭቃ የተያያዘ የድንጋይ ግድግዳ፣ ዙሪያውን የእንጨት በረንዳ፣ ከጣሪያው ጫፍ እንደ ጥልፍ የተፈለፈለ ጣውላ። ብዙዎቹን ያነጹት ከአገሬው ሰው ጋር የሠሩ የህንድና የአርመን ባለሙያዎች ናቸው። ጭቃና እንጨት እንክብካቤ ይፈልጋል፤ ጣሪያው አንድ ክረምት ካፈሰሰ ግድግዳው ይሟሟል። ሰው ያልገባበት ቤት ዕድሜ የለውም።

መስቀል አደባባይ አጠገብ ያለው የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የአዲስ አበባ ሙዚየም በመሆኑ ቆሟል፤ ሙዚየሙ የተከፈተው ከተማዋ 100ኛ ዓመቷን በያዘችበት ወቅት ነው። ስድስት ኪሎ ያለው የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት በ1954 ዓ.ም. ለዩኒቨርሲቲ ስለ ተሰጠ ዛሬ ቤተ መጻሕፍትና ሙዚየም ነው። ፒያሳ ያለው የጣይቱ ሆቴል ደግሞ ለእኛ የተለየ ነው። ያቋቋመችው ሴት ናት፤ ያውም ነጋዴ ሴት። ሲነገር እንደ ኖረው መኳንንቱ ምግብ በገንዘብ መግዛትን ነውር አድርገው ስላዩት መጀመሪያ ገበያ አልነበረም፤ ግብር በሚበላበት አገር ሒሳብ መጠየቅ እንግዳ ነገር ነበርና። ዓፄ ምኒልክ ራሳቸው ከፍለው በልተው አርአያ ሆኑ ይባላል። በጥር 2007 ዓ.ም. ሆቴሉን እሳት ክፉኛ ጎዳው፤ ተጠግኖ እንደገና ሥራውን ቀጠለ።

ሁሉም ቤት ግን ይቁም ማለታችን አይደለም። ወደ ሰፈራችን ስንመለስ ያለፍንበት የአፍሪካ ኅብረት ዋና መሥሪያ ቤት በጥር 2004 ዓ.ም. የተመረቀው ዓለም በቃኝ በሚባለው እስር ቤት ቦታ ላይ ነው። በኅዳር 1967 ዓ.ም. 60 የሚሆኑ ሰዎች የተገደሉት በዚያ ነበር። ከኛ መካከል እናቶቻቸው በዚያ በር ስንቅ ያቀበሉ አሉ። ግድግዳው ቢፈርስ አላለቀሱም፤ ታሪኩ እንዲረሳ ግን አይፈልጉም።

ለእኛ ምን ይላል?

ከሦስቱ እሑዶች የያዝነው ሒሳብ ይህ ነው፦ የቆየው ቤት ወረቀት ያለው ወይም ሥራ ያለው ቤት ነው። ሁለቱም ያለው ደግሞ ከሁሉም ይበልጣል።

ይህ ለወሬ ያህል ብቻ አይደለም። ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ በኮሪደር ልማቱ ፒያሳና ካዛንቺስ ሲፈርሱ አንዳንድ አባሎቻችን ከተወለዱበት ሰፈር ወጥተዋል። በዚያ ጊዜ ካሳና ምትክ ቦታ ሲጠየቅ መጀመሪያ የሚባለው «ወረቀትሽን አምጪ» ነው። ካርታው በባል ስም ብቻ የሆነባት፣ የኪራይ ውሏ በሟች እናቷ ስም የቀረባት፣ ደረሰኝ ያላስቀመጠች እህት ምን እንደ ደረሰባት እናውቃለን። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ዘመን የተፈራ ንብረት የጋራ ነው ይላል፤ የጋራ ቤትን ለመሸጥም የሁለቱን ስምምነት ይጠይቃል። ሕጉ ግን የሚረዳት ማስረጃ ይዛ የቀረበችውን ነው።

ስለዚህ በሚቀጥለው የወሩ ስብሰባችን ሁለት ነገር ይዛችሁ እንድትመጡ እንለምናለን። አንደኛ፣ የካርታ፣ የኪራይ ውል፣ የጋብቻ ምስክር ወረቀትና የግብር ደረሰኝ ቅጂ፤ የሒሳብ ክፍሉ ያለ ክፍያ በየስማችሁ ፋይል ይከፍታል፤ የጎደለውንም ከማን እንደምትጠይቁ አብረን እናያለን። ሁለተኛ፣ የእናቶቻችሁንና የአያቶቻችሁን ቤት የሚያሳይ አሮጌ ፎቶግራፍ፤ ቤቱ ዛሬ ባይኖርም እንመዘግበዋለን። ደጋፊዎቻችንም የሰጣችሁት የመዝገብ ሳጥንና የቅጂ ማሽን ለዚህ ሥራ እየዋለ መሆኑን እንድታውቁልን እንወዳለን።

የመኳንንቱን ቤት ሙዚየሙ ይጠብቅ፤ የኤምባሲውን ግቢ ውሉ ይጠብቅ። የእኛን ደግሞ እኛው እንጻፈው።